ኮሜዲ የሚጽፍ ሰው እንጀራውም ከጽሑፉ ይሁን፦ ከደብረ ብርሃን የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

በሰሜን ሸዋ የባህል ሥራን ለምትመሩ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለምታዘጋጁ፣ በዓልና ጉባኤ ለምታሰናዱ፣ ቋንቋና ጋዜጠኝነት ለምታስተምሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የኮሜዲ ድርሰትና የባህል ዘገባ በአካባቢያችን እንደ ሙያ እንዲያዙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

በአገራችን በዘመናዊ መልክ ተጽፎ ለመድረክ የበቃው የመጀመሪያው ቴአትር ኮሜዲ ነው። ደራሲውም የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰያደብር ተወለዱ፤ አገሩ ዛሬ ደነባን መቀመጫው ባደረገው ወረዳ ውስጥ ነው። ውጭ ተምረው ከተመለሱ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ቴአትር አለ ተብለው ቢሄዱ የጠበቃቸው ዘፈንና ጭፈራ ሆነ። ቴአትር ምን እንደሆነ ላሳይ ብለው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ሥራው በእንስሳት አንደበት የጊዜውን አስተዳደር ብልሹነት የሚነካ ስለነበረ መኳንንቱን አስቆጣ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እኚሁ ሰው ናቸው በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ሰው አሥቆ መናገርና ለአገር ሕግ ማርቀቅ በአንድ ሰው እጅ ሲሠሩ አይተናል ማለት ነው።

ዛሬ ከዚያው ከደነባ፣ ወይም ከእነዋሪ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ኮሜዲ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ስለ አገሬ ባህል መዘገብም እፈልጋለሁ» ቢል ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ልጅ ብዬ ነው።

መንገዱን ስለሄድኩበት አውቀዋለሁ። የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ልጁ በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚተላለፍ አጭር ጭውውት ይጽፋል፤ ግቢው ይስቃል፤ መምህራን ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያ ወዲህ የወላጆች ቀን ሲደርስ፣ የኤድስ ቀን ሲከበር፣ ግብር የመክፈያ ወር ሲመጣ፣ ችግኝ ሲተከል «ጭውውት አምጣ» ይባላል። ከትምህርት ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳው የኪነት ቡድን ይሸጋገራል። ጽሑፉ እየበሰለ ይሄዳል፤ ኪሱ ግን እንደ ድሮው ነው። ዕድሜው ለአቅመ ጎጆ ሲደርስ ቤተሰቡ «እስከ መቼ ነው በጨዋታ የምትኖረው?» ይሉታል። እነሱን መውቀስ አልችልም። ከጽሑፍ እንጀራ ሲወጣ በዓይናቸው አላዩም።

ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርለታል፤ መተው ወይም አዲስ አበባ መግባት። ደብረ ብርሃን ከዋና ከተማው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ መሄዱ ቀላል ነው። ይህ ቅርበት ለፋብሪካውና ለንግዱ ጠቅሟል፤ ለጽሑፉ ግን ጉዳት ሆኗል፤ ጥሩ ብዕር ያለው ሁሉ ጠዋት ተሳፍሮ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እዚያ ነው። እዚያ ሲደርስ ደግሞ የሚጠየቀው ስለ ካፌ፣ ስለ ኮንዶሚኒየም፣ ስለ ቪላ ቤት ፍቅር እንዲጽፍ ነው። ያደገበትን አነጋገር ቀስ በቀስ ይረሳል። የሄዱትን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ናቸው፤ ሠርተው ተከብረዋል። ያሳሰበኝ እዚህ መቅረት የሚፈልገው ሰው መቅረት አለመቻሉ ነው።

በአንድ ወቅት አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓሉ ድራማ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ሌሊት እየተነሣሁ ጻፍኩት፣ ከተዋንያኑ ጋር አነበብኩት፣ ያልሠራውን አውጥቼ እንደገና ጻፍኩ። በዓሉ ደረሰ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። የድንኳኑ ኪራይ ተከፈለ፤ የድምፅ ማጉያው ተከፈለ፤ ተዋንያኑም ውሎ አበላቸውን ተቀበሉ፤ ደግ ተደረገ። ለጽሑፉ ግን በጀት አልተያዘም ነበር፤ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ያው ድራማ የእኔ ስም ሳይጠራ ሌላ ቦታ ታየ። ሄጄ ስጠይቅ ያነጋገሩኝ ሰው በቅንነት «ጽሑፍ እኮ ያው ወረቀት ነው» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ድንኳን መትከል ሥራ መሆኑን ያያሉ፤ መጻፍ ሥራ መሆኑን ያሳያቸው አልነበረም።

ሕጉ ግን ከዚህ አልፎ ሄዷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 ከተሻሻለው ጋር፣ የድራማና የፊልም ጽሑፍን ይጠብቃል። ጥበቃው ሥራው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባም ይኖራል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የደራሲው ስም እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትም እዚያው ተጽፏል። ወጣቶች ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን እንጂ በአፍ የተነገረውን ሐሳብ አይደለም። ቡና ላይ የተነገረ ግሩም ሐሳብ ሌላ ሰው ቢጽፈው የሌላው ሰው ሥራ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ቀን አኑሩበት፤ ከዚያ ተናገሩ።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የሚበልጥብኝ በማያ ገጹ ላይ የምንታይበት መልክ ነው።

በኮሜዲ ፊልሞቻችን ውስጥ ከገጠር የመጣውን ሰው አስታውሱት። ዱላውን ይዞ ፎቅ ቤት ይገባል፤ ሊፍት ሲነሣ ይጮኻል፤ የቧንቧ ውኃ ያስደነግጠዋል፤ አነጋገሩ ተጎትቶ ተጎትቶ ራሱ አነጋገሩ ቀልድ ይሆናል። ተመልካች ይስቃል። አሁን ደግሞ መንዝ ውስጥ አንድ አባወራ በሽማግሌ ፊት ስለ ድንበር ሲሟገት አስቡት። ነገሩን ከሩቅ ያነሣዋል፤ ባላጋራውን ሦስት ጊዜ ያመሰግነዋል፤ በአራተኛው በምስጋናው ውስጥ ያስረዋል፤ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ተሟጋቹ ራሱ ፈገግ ሳይል ይቀመጣል። እንዲህ ያለ አእምሮ ያለው ሰው ነው በፊልሙ ውስጥ ሊፍት ፈርቶ ሲጮኽ ብቻ የምናየው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ተንኮለኛ ሆኖ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ዛፍ ሥር ተቀምጦ አያውቅም፤ እንዲቀመጥም የከፈለው ሰው የለም።

ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚሰጥ ያሳዩን ሰዎች አሉ። ዶናልድ ሌቪን የሚባሉት አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ መንዝ ድረስ መጥተው፣ ከገበሬው ጋር ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው የሰምና ወርቅ አነጋገር ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ መጽሐፍ አሳተሙ። የደብረ ሲናው ልጅ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባወጡት «አደፍርስ» አርማኒያ አካባቢ ያለውን ሰው በራሱ አንደበት አናግረውታል፤ የተማረው ወጣት ከባላገሩ ጋር ሲከራከር ባላገሩ ባዶ እጁን አይቆምም። ዳኛቸው በዚህ አላበቁም፤ በ1977 ዓ.ም. የጽሑፍ ጥበብን የሚያስተምር መመሪያም አዘጋጅተው ትተውልናል። ትልቁ ከበደ ሚካኤልም ከመንዝ ናቸው። እዚህ አገር ጸሐፊ አይበቅልም የሚል ሰው ቢኖር እነዚህን ስሞች ይቁጠር።

አሁን ኮሜዲ ከእኛ ሕይወት እንዴት እንደሚወጣ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የመንዝን ጓሳ ታውቃላችሁ። ማኅበረሰቡ ለዘመናት በራሱ ደንብ የጠበቀው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የሣር ምድር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን ይፈለጋል፤ ግን ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ብቻ ይታጨዳል። እንግዲህ አንድ ጠባቂ አለ እንበል፤ ደንብ የሚያከብር፣ ሾልኮ ሊያጭድ የገባውን ሁሉ ማጭድ የነጠቀ ሰው። ልጁን ሊድር ነው። ጎጆው ያፈሳል። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች የሚያርፉት እዚያው ጎጆ ውስጥ ነው። ዝናቡ መጥቷል፤ ጓሳ ሊከፈት ግን ገና ነው።

ሚስቱ አንድ ሸክም ብቻ ትላለች። እሱ አይሆንም ይላል። ማታ ማታ ደግሞ ማጭዳቸውን የነጠቃቸው ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ ያጽናኑታል፤ እያንዳንዳቸው በጨለማ ጥቂት ሣር ይዘው ይመጣሉ፤ ስጦታ ነው ይሉታል። ቢቀበል ሌባ አሳዳሪ ሊሆን ነው፤ ባይቀበል ሽማግሌዎቹ ላይ ሊዘንብ ነው። ቢከስ ደግሞ የሠርጉን እድምተኛ በሙሉ ሊከስ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሞኝ የለም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይወደዋል፤ ሳቁ የሚመጣው ሰውየው ሐቀኛ በመሆኑ ነው። ኮሜዲ ስጽፍ የምፈልገው ይህንን ነው፤ አንድ ነገር ከልቡ የሚሻ ሰው፣ ሊናቅ የማይገባው ክልከላ፣ ከዚያ ከችግሩ ለመውጣት በረገጠ ቁጥር ይበልጥ መግባት።

ይህን ወደ ስክሪፕት መለወጥ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ የ25 ደቂቃ ክፍል ወደ 25 ገጽ ነው። ጎረቤቱ በመጨረሻ የሚያመጣው ሣር እንዲያስቅ፣ ያ ጎረቤት ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ማጭዱን ሲነጠቅ መታየት አለበት፤ ያውም ተመልካቹ ለዚህ የተቀመጠ ነገር መሆኑ ሳይገባው። ከዚያ ተዋንያን ተሰብስበው ጮክ ብለው ያነብቡታል። በወረቀት ላይ ያሳቀው ሁሉ በአፍ አያስቅም። ጸሐፊው ሳቅ ያልመጣበትን ቦታ እያሰመረ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይሰርዛል፤ እንደገና ይጽፋል። ከአምስት መስመር አንዱን ማትረፍ ጥሩ ቀን ነው። ይህ ሁሉ ሲሠራ በጀት ያዥው አያየውም፤ ስለዚህ ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት።

የባህል ዘገባውስ? በሚንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲ ላይ ለጥምቀት 44 ታቦታት በአንድነት ያድራሉ። ይህን የመሰለ ጉባኤ በአገራችን ብዙ ቦታ አታገኙም። ዜናው ግን በየዓመቱ ያው ነው፤ በዓሉ በድምቀት ተከበረ፤ ኃላፊው ንግግር አደረጉ፤ የሰላምና የአንድነት መልእክት ተላለፈ፤ ምስሉ ሕዝቡን ከሩቅ አሳይቶ አለቀ። እዚያ የሚዘፈነውን ግጥም ማን ገጠመው? ዘንድሮ አዲስ የመጣው ስንኝ የቱ ነው? ልጃገረዶቹ በጎረምሶቹ ላይ የጣሉት ተረብ ምን ነበር፣ ጎረምሶቹስ ምን ብለው መለሱ? ሽማግሌዎቹ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉት ስለ የትኛው ነገር ነው? የባህል ዘጋቢ የሚባለው ይህን ጠይቆ፣ የገጣሚውን ስምና አገር ጽፎ የሚመለስ ሰው ነው። ለዚህ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስና ሕዝቡ ከተበተነም በኋላ መቆየት ያስፈልጋል። ከኃላፊዎች መኪና ጋር ሄዶ ከእነሱ ጋር የሚመለስ ዘጋቢ ሊያገኘው አይችልም።

አለቃ ገብረ ሐና የጎንደር አገር ሰው ናቸው፤ ጨዋታቸው ግን በሸዋም ቤት ሁሉ ይነገራል። እስከ ዛሬ የቆየው እየሰሙ የጻፉት ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእኛን ጨዋታ አዋቂዎች ማን ጻፋቸው? በየሰንበቴው፣ በየማኅበሩ፣ በየዕድሩ አንድ አሉ፤ ሲናገሩ ጠላው ይረሳል። አንዱ ባረፉ ቁጥር የሚቀረን «ምን ነበር ያሉት?» የሚል ጥያቄ ነው።

ሁለቱ ሙያዎች ለእኔ አንድ ቤት ናቸው። ዘገባ ልሠራ ሄጄ የሰማሁት የነገር አካሄድ ለድራማው ጆሮ ይሰጠኛል፤ ድራማ መጻፌ ደግሞ ዘገባው ውስጥ ሰው እንዲናገር እንጂ እኔ ስለ እሱ እንዳላወራ ያስተምረኛል። ገቢውም እንዲሁ ነው። ስክሪፕት የሚሸጠው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ፣ የመጨረሻው ቀረጻ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ዘገባ በየሳምንቱ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ያኖራል፤ ሁለቱም ከዘገዩ ደግሞ ማስተማር ነውር የለውም። ለጀማሪዎች የምለው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ፣ ያለ ጽሑፍ ስምምነት ስክሪፕት አትስጡ፣ ስምምነቱ ላይ ስማችሁ የት እንደሚወጣ ይገለጽ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ለዘገባ ያመናችሁን ሰው ለቀልድ አሳልፋችሁ አትስጡ። አነጋገሩን ተማሩ፤ ገመናውን ተዉለት።

በዚህ ጊዜ ስለ ኮሜዲ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንደማይዋጥላችሁ አውቃለሁ። አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደብረ ብርሃን ውስጥ በመጠለያ ናቸው። መንገድ ተዘግቶ ሬሳ ላይ መድረስ ያልቻለ ሰው አለ። እኔም ብዕር ሳነሣ ይህ ይመጣብኛል። ነገር ግን በለቅሶ ቤታችን ሠልስት ካለፈ በኋላ ሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጦ የሟቹን ጨዋታ የሚያነሣ ሰው አለ። መጀመሪያ ሁሉም ይደነግጣል፤ ከዚያ እንባ ያልደረቀበት ፊት ፈገግ ይላል፤ ሐዘንተኛው እህል የሚቀምሰው ያን ጊዜ ነው። ያን ሰው ማንም ደፋር አይለውም፤ ዕድሩ ሳይቀር እሱን ይፈልገዋል። የኮሜዲ ጸሐፊ ሥራ በሐዘን አገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሐዘኑ ላይ አይቀልድም፤ ሐዘንተኛው ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በዓልና ጉባኤ የምታሰናዱ፣ የድንኳኑን ዋጋ በምትጽፉበት ወረቀት ላይ የጽሑፉንም ዋጋ ጻፉ፤ ትንሽም ቢሆን ይጻፍ፤ የደራሲው ስም መድረክ ላይ ይጠራ። ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሲታይ ይጠየቅ። መልእክት የምታዝዙ ቢሮዎች፣ መልእክቱን ንገሩን እንጂ ገጸ ባሕርዩን በየመስመሩ «ግብር መክፈል ግዴታ ነው» አታሰኙብን፤ ሰው እንዲህ አይናገርም፤ አድማጩም ሬዲዮውን ይዘጋል። ሹም የሚነካ ቀልድ ሲመጣ ደግሞ ከመሰረዛችሁ በፊት ደራሲውን ጥሩና አነጋግሩ። የሰያደብሩ ሰው ሥራ ከታገደ መቶ ዓመት አልፎታል።

የሬዲዮ ሰዎች፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለአካባቢው ጭውውትና ለባህል ዘገባ መድቡ፤ ስፖንሰር ሲገኝ ከገንዘቡ ለጸሐፊው የሚደርሰው አስቀድሞ ይወሰን። ከመንዝ የመጣው በመንዝኛ አነጋገሩ፣ ከምንጃር የመጣው በምንጃርኛው ይናገር፤ አስተካክሉት አትበሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ወደ ሰንበቴውና ወደ ገበያው ላኳቸው፤ አንድ ጨዋታ አዋቂ አባት ቀርጾ በጽሑፍ ያስቀመጠ ተማሪ ለትውልድ የሚቀር ሥራ ሠርቷል።

ከሁሉም ቀላሉን የመጨረሻ አደረግኩት። በወር አንድ ማታ የምትሰጡን አዳራሽ እንፈልጋለን። ከወረዳዎቹ ጸሐፊዎች ይመጣሉ፣ የኪነት ቡድኖቹ ተዋንያን ያነባሉ፣ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ይሰማል። መብራትና ወንበር ካለ ይበቃናል፤ ጽሑፉን እኛ እናመጣለን። የጓሳው ጠባቂ ስክሪፕት ተጽፎ አልቋል፤ ለመጀመሪያው ማታ እሱን አቀርባለሁ። አዳራሽ ያላችሁ ቀኑን ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የኮሜዲ ስክሪፕት ጸሐፊና የባህል ዘጋቢ፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ መምህራን
በየወረዳው ላሉ የኪነት ቡድኖች